ሙሐመድ አብዱ፦ ከደርብ እስከ ሪያድ መድረክ

ከሳብያ ተነሥቶ በበይሽ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበትን የቲሃማን ሜዳ አቋርጦ ደርብ ይደርሳል። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ አብሃ ተራራ ሽቅብ ይወጣል፣ ሌላኛው የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ጂዳ ያመራል። በዓረቡ ዓለም «ፈናን አል-ዓረብ» (የዓረቦች ከያኒ) በሚል ቅጽል የሚታወቁት አንጋፋው ድምፃዊ ሙሐመድ አብዱ የተወለዱት በዚሁ በጂዛን ክልል በሚገኘው ደርብ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1949 ነበር።

አባታቸው መርከበኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ አረፉ። ቤተሰቡ በጂዳ ለችግረኞች በተዘጋጀ መጠለያ ኖሯል፤ ሙሐመድም የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያን ያውቁታል። እንዲህ ላደገ ልጅ ዘፈን እንጀራ ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ በሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የመርከብ ሥራን ተማሩ፤ ይህም የአባታቸውን ባሕር ሳይለቁ ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ ነበር። ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ወደ ጣሊያን ከሚላኩት ተማሪዎች መካከልም ስማቸው ተካቶ ነበር።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ሬዲዮ ነው። በ1960ዎቹ መባቻ በጂዳ ሬዲዮ የልጆች ዝግጅት ላይ ሲያዜሙ የዝግጅቱ አቅራቢ ዓባስ ፋኢቅ ገዛዊ ድምፃቸውን ወደዱት። የጣሊያኑ ጉዞ ቀርቶ ወጣቱ ከገዛዊ ጋር ወደ ቤይሩት አቀኑ። በዚያም ከገጣሚው ጣሂር ዘመኽሸሪ ጋር ሠሩ፤ የሶርያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሙሐመድ ሙሕሲንን ዜማም ተጫወቱ። ቆይተውም በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሙዚቃ ጓድ ያደራጁት የጣኢፉ ተወላጅ ጣሪቅ አብዱልሐኪም ዜማ ሰጧቸው፤ ስማቸው በሰፊው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚታወቁበት መሣሪያ ዑድ ነው። የክራር ዘመድ የሆነችው ሲምሲሚያም በዚሁ በቀይ ባሕር ዳርቻ ትሰማለችና፣ ኢትዮጵያዊው አድማጭ ድምፁ እንግዳ አይሆንበትም።

የጥላሁን ገሠሠን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ተመሳሳይነቱን ሳያስተውል አይቀርም። ጥላሁን በወሊሶ ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዘልቆ በመጀመሪያ በሀገር ፍቅር፣ ቀጥሎም በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። በሁለቱም ሀገር ከከተማ ውጭ ያደገ ልጅ ድምፅ ብቻውን አላሻገረውም፤ የሚቀጥረው ቲያትር ቤት፣ የሚያሰማው ጣቢያ፣ ዜማ የሚሰጠው ባለሙያ አስፈልጎታል።

ሙሐመድ አብዱ እ.ኤ.አ. በ1989 እናታቸውን ካጡ በኋላ ከመድረክ ራቁ። መጠለያ ውስጥ ያሳደገችን እናት ያጣ ሰው ሐዘኑ ቢረዝም አያስደንቅም፤ ወደ መድረክ የተመለሱት በ1997 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2000፣ የዘመን ጓዳቸውና ተፎካካሪያቸው ጠላል መዳሕ በአብሃው የሙፍታሓ ቲያትር በመዝፈን ላይ ሳሉ ወድቀው ሕይወታቸው አለፈ። ከደርብ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው ወደዚያችው አብሃ ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ዝግጅት በሀገር ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ አልነበረም። ጂዳ ለሰባት ዓመታት ያህል ያለ ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ቆይታ በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ አዳራሿን ስትከፍት፣ ከራሺድ አል-ማጂድ ጋር ከዘፈኑት አንዱ ሙሐመድ አብዱ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ወደ 70 እየተጠጋ ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙ ድምፃውያን ሽልማት ተቀብለው ይቀመጣሉ፤ እርሳቸው ግን አዲስ ዘመን ጀመሩ። በ2019 በሪያድ ወቅት የተከፈተ ቲያትር በስማቸው ተሰየመ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በባህል ሚኒስቴር ሥር የሙዚቃ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሙዚቃን በሙያነት ለመማር የሚሹ ወጣቶችም የሚመለከታቸው መንግሥታዊ አካል አገኙ።

ከሥራዎቻቸው መካከል ምናልባት እጅግ የተሰማው በ2005 የወጣው «አል-አማኪን» («ሥፍራዎቹ») ነው። ግጥሙ የመንሱር አሽ-ሻዲ፣ ዜማው የናስር አስ-ሷሊሕ ሲሆን፣ ስለ ናፍቆት የሚያወሳ ዘፈን ነው። ዓረብኛው በቅጡ የማይገባው እንኳ፣ ከሀገሩ ርቆ በቲሃማ መንገዶች የሚጓዝ ሠራተኛ በሾፌሩ ሬዲዮ ሰምቶት ይሆናል።