ቤንዚን ሲወደድ በእግሩ የሚሄደው ማነው?

መንግሥታት የነዳጅ ፍጆታን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ ቀረጥ ጨምሮ ወይም ድጎማ አንስቶ ማስወደድ ነው። ሌላው ያለ ቤንዚን የሚሄድ መኪና ማምጣት ነው። እኛ መኪና ስለሌለን ጉዳዩ የማይመለከተን ይመስላል። ግን እህቶቼ፣ ታሪኩን ስታዩት ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ነው የሚመጣው።

ከአገራችን ልጀምር። በ1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች በጦርነቱ ምክንያት ነዳጅ ሲይዙ ዋጋው በዓለም ላይ ናረ። የአክሊሉ ሀብተወልድ መንግሥትም የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርጉም ነገሩ አልበረደም። በዚያው የካቲት ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ቤንዚን ብቻውን ዙፋን ገለበጠ አልልም፤ የወሎ ረሀብ ነበር፣ የወታደሩ ደመወዝ ነበር። ግን ሰው ከታክሲ ወርዶ የሚሳፈርበት ሌላ ነገር ሳይኖረው ዋጋ መጨመር ምን እንደሚያመጣ ያኔ ታይቷል።

ወደዚህ ወደ ቤይሩት እንምጣ። ይቺ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም ነበራት፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ቆመ። ማር ሚካኤል ያለውን የባቡር ጣቢያ ታውቁታላችሁ፣ ባቡር አያልፍበትም። ስለዚህ በ2021 ድጎማው ሲነሳ ሕዝቡ የሚሸሽበት ነገር አልነበረም። ከቀውሱ በፊት 25,000 ሊራ ገደማ የነበረው 20 ሊትር ቤንዚን በዚያ ዓመት ጥቅምት ከ300,000 አለፈ። የሰርቪስ ሒሳብም አብሮ ወጣ፣ የኛ ደመወዝ ግን አልወጣም። እኔ እሑድ እሑድ ከአሽራፊዬ ወንዙን ተሻግሬ፣ በቡርጅ ሐሙድ አድርጌ እስከ ዶራ በእግሬ ነበር የምሄደው። የማዳም መኪና አልቆመም፤ ሾፌሩ ወረፋ ይይዛል፣ ታንኩ ይሞላል። ያ ሁሉ ውድነት ቤንዚን ቆጠበ ከተባለ፣ የቆጠበው በኛ እግር ነው።

ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና ይሻል ነበር? እዚህ ያኔ አይሆንም። የመንግሥት መብራት በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ሲመጣ፣ ሌላውን የሚያበራው የሰፈር ጄኔሬተር ነበር፣ እሱም ናፍጣ ነው የሚጠጣው። መኪናውን ቻርጅ ብታደርጊው ነዳጁ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

የኛ አገር መብራት ግን በአብዛኛው ከውኃ ነው። መንግሥት ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ፤ ከ40 ብር በታች የነበረ ሊትር ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር አለፈ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ሁለቱንም መንገድ ያዘ ማለት ነው። እኔ የማልወደው ቅደም ተከተሉን ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ገንዘብ ላለው ደረሰ፣ የታክሲው ታሪፍ ደግሞ ለእናቴ። በ2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ የድሃም መኪና እሱ ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ እነሱን ጠግኑ፣ አውቶቡስ ጨምሩ፣ ከዚያ ዋጋ ጨምሩ እላለሁ።

ከናንተ ስንቶቻችሁ ከቤት ተደውሎ «ባጃጅ ግዢልኝ» ተብላችኋል? ወንድሜም ብሎኛል፤ የቤንዚኑን ነው የሚፈልገው፣ የለመደው እሱ ስለሆነ። እኔ ግን ሦስት ነገር ጠይቀህ ንገረኝ ብዬዋለሁ፦ የኤሌክትሪኩ ባትሪ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲያልቅ በስንት ብር ይቀየራል፣ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ የት ሄዶ ይሞላል? እስካሁን የባትሪውን ዋጋ ብቻ ነው የነገረኝ። እሱም ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል።