ከግጥሚያ በፊት የሚቆም ችሎት፦ የኳስ ደጋፊዎች ሙግትና ግምት ከገና ሜዳ እስከ አየር ጤና

(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተመለሰ)



ታላቅ ግጥሚያ በሚጠበቅበት እሑድ ወደ አየር ጤና የሚያቀና ሰው፣ የጅማን መንገድ ተከትለው በተደረደሩት ሻይ ቤቶችና ኳስ ማሳያ ቤቶች ደጃፍ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ ያገኛል። በሰሌዳው ላይ የሁለት ክለቦች ስምና ሰዓት ብቻ ተጽፏል። ከሥሩ ግን ረጅም ሙግት ተይዟል። አንዱ አርሴናል 49 ጨዋታ ሳይሸነፍ የተጓዘበትን ዘመን ይጠቅሳል። ሌላው ያ ጉዞ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦልድ ትራፎርድ መገታቱን ያስታውሰዋል። ሦስተኛው ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. የተቆጠሩትን ስምንት ግቦች በጣቶቹ እያሳየ ይስቃል። ይህን ሁሉ «ብሽሽቅ» ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ላነሣ የምሻው ጥያቄ ይህ ሙግት ከየት እንደ መጣ፣ ለታሪክ አጥኚም ምን እንደሚነግረው ነው።

ከቃላቱ ልነሣ። በአማርኛ «ጨዋታ» ማለት ግጥሚያም ነው፣ ወግም ነው። የኳሱን ሜዳ የሚመራው ሰው «ዳኛ» ይባላል፤ በችሎት የሚፈርደውም እንዲሁ። «ውርርድ» የሚለው ቃልም ከኳስ በፊት በሙግት ሥርዐት ውስጥ የኖረ ነው። በቀድሞው «በላ ልበልሃ» ችሎት ተሟጋቾች ቃላቸውን ለማጽናት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍል ነበር። ውርርዱ ተናጋሪው ለቃሉ ኀላፊነት የሚወስድበት መንገድ ነበር። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፤ ነገር ዐዋቂው ይደነቃል፤ አንደበተ ርቱዕነትም እንደ ማስረጃ ባይቆጠር እንኳ ሞገስ ነበረው። በሰሌዳው ሥር የሚካሄደው ሙግት ይህንኑ ቅርጽ ይዟል፦ ክስ፣ መልስ፣ የቀድሞ ውጤትን ለምስክርነት መጥራት፣ በመጨረሻም «በምን ትወራረዳለህ?» የሚል ጥያቄ። መያዣው ዛሬ አንድ ማኪያቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምንጭ የገና ጨዋታ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂል ትልቅ የማኅበራዊ ሕግ ይዟል። በዚያች ቀን ባለሥልጣኑም ባለጠጋውም በዱላና በእሩር ፊት ከሌላው ጋር እኩል ይቆማል፤ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲነካካው መቆጣት ነውር ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ጊዜና ቦታ አለው። በዓሉ ሲያልፍ ስድቡም ያልፋል። በዓመት አንድ ቀን የተፈቀደው ነገር በማግስቱ ቢነገር ያጣላል፤ ይህን ወሰን ሁሉም ያውቀዋል።

ዘመናዊው እግር ኳስ ይህን ውርስ አግኝቶ አደገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ያ ዓመት የፋሺስት ወረራ የተጀመረበት ነበር። ኋላም ከኢትዮጵያ ቡና ጋር የሚገናኝበት ግጥሚያ «የሸገር ደርቢ» ተብሎ የከተማዋ የሙግት ቀን ሆነ። ቡና በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ለዓመታት «መቼ ትወስዱና?» ሲባል የኖረው ደጋፊ መልስ አገኘ። የጊዮርጊስ ደጋፊም የዋንጫውን ብዛት መቁጠር አላቆመም።

ለታሪክ አጥኚ ግን ከብሽሽቁ ይበልጥ የሚጠቅመው ግምቱ ነው። ውጤት ከታወቀ በኋላ ሁሉም «እኔ ብዬ ነበር» ይላል፤ ያለፈው ዘመንም የግድ መሆን የነበረበት መስሎ ይታያል። በጥር 1954 ዓ.ም. ቆመን እንመልከት። የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ይካሄዳል፤ የፍጻሜው ተጋጣሚ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ነበር። ከማስረጃ ተነሥቶ የሚገምት ሰው ለማን ሊፈርድ ይችል ነበር? ጥር 13 ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ድሉን ዛሬ ስንተርክ ከዋዜማው የነበረውን ሥጋት እንዘነጋዋለን። ሥጋቱ ከተዘነጋ ግን የድሉ ክብደት አይታወቅም።

ግምት አንዳንዴ ጥብቅ ስሌት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት የሻይ ቤቱ ሒሳብ አንድ ነበር፦ 2 ለ 0 ይበቃል፤ ድምሩ 5 ለ 5 ይሆንና ከሜዳ ውጭ የገቡት ሦስት ግቦች ይፈርዳሉ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ስሌቱን በሜዳ ላይ አጸኑት፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። በዚያ ቀን የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ በአንድ ወገን ቆሞ ነበር።

ይህ ሥርዐት ሊፈርስ እንደሚችልም ታሪካችን ይመሰክራል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት በተያዘለት ቀን፣ ግጥሚያው ሳይጀመር በወልዲያ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲገናኙ ተወሰነ። የገና ሜዳው ፈቃድ ወሰን ነበረው፤ ብሽሽቁ ክለብን እንጂ ማንነትን አይነካም ነበር። ወሰኑ ሲጣስ ተሟጋቹ ጠላት ይሆናል፤ ዳኛውም ሰሚ ያጣል። ገለልተኛ ሜዳ ግጥሚያውን ሊያስተናግድ ይችላል፤ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል የጠፋውን የመቀላለድ መብት ግን አይመልስም።

ሁለተኛው ለውጥ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ የተስፋፋው የቤቲንግ ንግድ «ውርርድ» የሚለውን ቃል ወስዶታል። የቀድሞው ተወራራጅ ባላጋራውን ፊት ለፊት ያየው ነበር፤ ዛሬ ትኬት የቆረጠው ወጣት ባላጋራው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። ለማሳመን የሚደክምለት ሰውም የለውም። ግምቱን ለጎረቤቱ መናገር የማያስፈልገው ደጋፊ ሲበዛ፣ ከሰሌዳው ሥር ያለው ችሎት ታዳሚ ያጣል። የሚጠፋውም ከገንዘቡ ሌላ በቃል ተረትቶ አብሮ የመሳቅ ልምድ ነው።

ይህን ያልኩት ችሎቱ ተዘግቷል ለማለት አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በድጋሚ ገጠመች። ግብፅ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ ነበር። የእኛ ስታዲየሞች መመዘኛውን ባለማሟላታቸው «የሜዳችን» ጨዋታ በማላዊ ሊሎንግዌ ተደረገ። ደጋፊው ስታዲየም አልነበረውም፤ የቀረው የሰፈሩ ማሳያ ቤት ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው 2 ለ 0 ሲፈጸም፣ በዋዜማው ያለ ማስረጃ «እናሸንፋለን» ያለው ሰው ረታ።

ውድ ተማሪዎች፤ የግጥሚያን ውጤት መዝገብ ይይዘዋል። ከግጥሚያው በፊት የተባለውን ግን የሚይዘው የለም፤ በጠመኔ የተጻፈው ሰሌዳ ማታ ይጠረጋል። እንግዲህ ወደ አየር ጤናም ይሁን ወደየሰፈራችሁ ስትመለሱ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ የሚባለውን ከነቀኑ መዝግቡ። ሰዎች ነገን እንዴት ይጠብቁት እንደ ነበር፣ ከማይስማማቸውም ሰው ጋር እንዴት አብረው ይቀመጡ እንደ ነበር የሚያሳየው እርሱ ነው።