ፓኒክ ስንል

«ፈተናው ሲታደል ፓኒክ አደረግሁ» ትላለች ተማሪዋ። ለዚህማ «ደነገጥሁ» መች አነሰን? «ፓኒክ» የሚለው ቃል የተወለደው ከግሪኮቹ የእረኞች አምላክ ከፓን ነው፤ በጫካ ውስጥ ሰውንም መንጋውንም በድንገት ያስደነብር ነበር ይባላል። በቅሎ ስትደነብር ያየ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሐኪሞች ግን ቃሉን ጠበብ አድርገው ነው የያዙት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፓኒክ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ሰፍሯል። ሰውየው ደህና ተቀምጦ ሳለ ልቡ ድው ድው ይላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ «አበቃልኝ» ይላል። ስሜቱ በደቂቃዎች ውስጥ አይሎ ይበርዳል። ክፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፦ «ደግሞ ቢመጣብኝስ?» እያለ ታክሲ መሳፈር፣ ሊፍት መግባት፣ ለቅሶ መድረስ ይተዋል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ሽብር» እንዳንል ፖለቲካው ወስዶታል። «ጭንቀት» ውሎ የሚያድር ነው፤ የቤት ኪራይ ሲደርስም ይመጣል። እኔን የሚጥመኝ «ጭንቅ» ነው። ምጥ የያዛትን ሴት «በጭንቅ ላይ ናት» እንል የለ? ጭንቅ ይመጣል፤ ይፋፋማል፤ ያልፋል። እንግዲህ «ድንገተኛ ጭንቅ»፣ ሲደጋገምና ኑሮ ሲያውክ ደግሞ «የድንገተኛ ጭንቅ ሕመም» ብንለውስ? የልብ ምርመራ አድርጎ «ምንም የለብህም» ተብሎ ለተመለሰ ሰው፣ ያለበት ነገር ስም እንዳለው፣ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒትም እንደሚታከም መንገር ያን ጊዜ ይቀላል።