ዓመቱን ተከትሎ የሚሄድ ትምህርት

በዛሬው ዘመን መምህራን የአንዱን ክፍል ሕፃናት ዓመቱን ሙሉ በየአርእስቱ ከፍለው፣ አንዱን ወር ስለ ውኃ፣ ሌላውን ስለ እህልና ስለ አዝመራ የሚያስተምሩበትን ዘዴ እንደ አዲስ ጥበብ ሲያወሱት ይሰማል፤ ነገር ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር በሚገኙት አድባራት ቅጽር የአብነት ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ የዓመቱን ዑደት እየተከተለ ሲያስተምር መኖሩን የተመለከተ ሰው፣ የጥበቡን ቀዳሚነት ለማን እንደሚሰጥ ማመንታቱ አይቀርም።

ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከየኔታ እግር ሥር የሚቀመጠው ሕፃን ቀን በፀሐይ ብርሃን ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቈጥራል፤ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ማታ ግን መብራት ስለሌለ ትምህርቱ የቃል ነው፤ ከሚቀበለውም አንዱ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያም በመሆኑ፣ ልጁ የሳምንቱን ቀናት በየዕለቱ ጸሎት ለይቶ ያውቃቸዋል። ዳዊት የደገመ እንደ ሆነም ወላጆቹ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው መምህሩን ያከብራሉ።

የዓመቱ ሥርዓት በምልዓት የሚታየው ግን በዜማ ቤት ነው። ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ ከዘመነ ዮሐንስ ተነሥቶ፣ በአስተምህሮ አልፎ፣ የጾሙን ወራት ለጾመ ድጓ ትቶ፣ ወደ ፋሲካ እንዲዘልቅ ሆኖ የተደራጀ ነውና፣ ደቀ መዝሙሩ የሚያጠናው ዜማ በጊዜው በማኅሌት ከሚቆመው ጋር ይገናኛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ ሌሊቱን ስለ አበባ ሲዘመር አድሮ ጎሕ ሲቀድ ከቅጽሩ የሚወጣ ተማሪ፣ መስኩ በአደይ አበባና በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ መምህሩ ምሳሌ ፍለጋ መድከም አያሻውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የክረምቱ አከፋፈል ነው። ሰኔ 26 ቀን ክረምቱ ሲገባ መዝሙሩ ስለ ዘርዕና ስለ ደመና ይሆናል፤ ቀጥሎ መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ ይወሳሉ፤ ከዚያ በእጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ሳይቀሩ ምግባቸውን ከፈጣሪ ተስፋ ማድረጋቸው ይነገራል፤ በመጨረሻም ጎሐ ጽባሕ ተብሎ ዝናቡ እየቀለለ፣ ብርሃኑ እየበረታ መሄዱ ይዘመራል። ገሳ ለብሶ ከብት ሲጠብቅ ያደገ የጎጃም ልጅ ይህን ሁሉ በዐይኑ ያየው ነው።

ስመ ጥር ከሆነው ዋሸራ ጀምሮ በጎጃም የቅኔ ጉባኤያትም ይኸው ልማድ በሌላ መልክ ይገኛል፤ ተማሪው ለብቻው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቅኔውም ከዕለቱ በዓል ጋር መስማማት ስላለበት፣ የትናንቱን ለዛሬ መድገም ነውር ነው።

ይህን ስል ግን ረኀቡንና አለንጋውን መርሳቴ አይደለም፤ ሴቶች ልጆችም በአመዛኙ ከዚህ ጉባኤ ውጭ ቀርተዋል፤ መብረቁ ስለ ምን እንደሚወርድ በሥጋዊ ጥበብ የሚያስረዳም አልነበረም። ይህን ጉድለት ሊሞላ የመጣው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በተለይ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ዕውቀትን በደወልና በክፍለ ጊዜ ቆራርጦ አቀረበው፤ ሒሳቡ ሳይንሱን፣ ሳይንሱም ጂኦግራፊውን ሳያውቀው በአንድ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ጀመር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የአካባቢ ሳይንስ ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሲሰጥ፣ ቤተሰቡ፣ መንደሩ፣ አፈሩና አዝመራው በአንድ መጽሐፍ ተሰባሰቡ፤ በእኔ አስተያየት መልካም ሥራ ነበር።

ሆኖም የዘመናዊው ትምህርት ዓመት በሰኔ ስለሚዘጋ፣ ድጓው እንዲህ አምልቶና አስፍቶ የከፈለው ክረምት ከመማሪያው ወራት ውጭ ቀርቷል። በቆሎው ሲኮተኮት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ጥያቄ የሚያስነሣው ነገር ሁሉ በበዛበት ሰዓት ተማሪው ቤቱ ነው። ብዙ ወላጆችም በሐምሌና በነሐሴ ከእረኝነት የተረፈውን ልጅ ወደ የኔታ ይሰዱታል።