ከሥራ ስለማይሰናበቱ ሠራተኞች አጭር ጥናት

የሠራተኛ ቅነሳ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው የወጣው ሰው ነው። እኛ ግን «የቀሩትስ እንዴት ሠሩ?» ብለን እንጠይቃለን። ለዚህ የመረጥነው ፍራንስ ቴሌኮምን ነው፤ ይህ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ኢትዮ ቴሌኮምን ለማስተዳደር ውል የገባው ነው።

ድርጅቱ በአገሩ አስቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲለወጥ አብዛኞቹ ሠራተኞች የመንግሥት ሠራተኛነት መብታቸውን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ስለዚህም በቅነሳ ሊያሰናብቷቸው አይቻልም ነበር።

ይሁን እንጂ በ2006 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ ከ120,000 ያህል ሠራተኞች 22,000 እንዲለቁ፥ 10,000 ደግሞ ሥራ እንዲለውጡ ዐቀደ። ማሰናበት ባይቻል፥ ሠራተኛው ተማርሮ በገዛ እጁ እንዲለቅ የሚያደርግ አሠራር ተያዘ። አንዱን ያለ ፈቃዱ አዛወሩት፤ በሌላው ላይ ከዐቅሙ በላይ ሥራ ጫኑበት፤ ሦስተኛውን ያለ ሥራ አስቀመጡት።

ውጤቱ ከባድ ሆነ። የፓሪስ ፍርድ ቤት የ39 ሠራተኞችን ጉዳይ መረመረ፤ ከነዚህ 19ኙ ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 2019 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ዋና ሥራ አስኪያጅ ዲዲዬ ሎምባርንና ሌሎች አለቆችን ጥፋተኞች ብሎ ፈረደ፤ በድርጅቱም ላይ 75,000 ዩሮ መቀጫ ጣለ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህ ነው፤ ሕግ የሠራተኛውን ስም በመዝገብ ላይ ቢያቆይለት፥ የሥራውን ልክና ክብሩን ካልጠበቀለት፥ ዋስትናው ግማሽ ነው።