ተባይን በሙቀት ማጥፋትና የሰው ንብረት



ቅማልና ትኋን የሰው ልጅ የጥንት ጠላቶች ናቸው። በሙቀት እንደሚሞቱም ቤቷን የምታጸዳ እመቤት ሁሉ ታውቃለች። አስቸጋሪው ነገር ተባዩን መግደሉ ሳይሆን፥ ተባዩ የተደበቀበትን ልብስና ዕቃ ሳያበላሹ መግደሉ ነው። ይህ ጉዳይ ትንሽ የቤት ጣጣ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የአንድ አገር ሕዝብ ሕይወት የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1909 ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲመራመር፥ ታይፈስ የሚባለውን ተስቦ ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን አረጋገጠ። ወደዚህ ሐሳብ የመራው አንድ ትዝብት ነው። በሽተኞች ልብሳቸውን አውልቀውና ታጥበው ወደ ሆስፒታሉ ከገቡ በኋላ በሽታውን ለማንም አያስተላልፉም ነበር፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉትና የሚያጥቡት ሠራተኞች ግን ይታመሙ ነበር። ኒኮል ስለዚህ ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ዕውቀቱ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በ1914 መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ከሰርቢያ ሲያፈገፍግ፥ የተማረኩት ወታደሮችና ከየቤቱ የተፈናቀለው ሕዝብ በአንድነት ተጨናንቀው ስለ ነበር ታይፈስ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ሰው አለቀ። በአገሩ ከነበሩት ከ400 ያነሱ ሐኪሞችም ከ100 በላይ የሚሆኑት ሞቱ።

በ1915 መጀመሪያ በኮሎኔል ዊልያም ሀንተር የሚመራ የእንግሊዝ የጤና መልእክት ቡድን ሰርቢያ ደረሰ። ትልቅ ማሽን ለማስመጣት ጊዜ ስላልነበረ፥ ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ስታመርስ በአገሩ በሚገኘው በርሜል ተጠቀመ። የበርሜሉ ሥር ተበስቶ ውሃ በሚፈላበት ጋን ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ በውስጡ ላላ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ከላይ በከባድ ክዳን ይዘጋል። እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ እያለፈ ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። ይህም ዘዴ ከጥቂት ጊዜ የባቡር ጉዞ እገዳ ጋር ተደምሮ ወረርሽኙን ለመግታት ረዳ።

ይሁን እንጂ እንፋሎት ለዕቃ ሁሉ አይስማማም። የጥጥ ልብስ ይችለዋል፤ ቆዳ ግን በእርጥብ ሙቀት ይኮማተራል፥ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል። ፀጉራም ቆዳና በሙጫ የተጣበቀ ዕቃም ይበላሻል። ደም የነካው ጨርቅ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ካልታጠበ እድፉ እንደ ቀለም ጠልቆ ይቀራል። ስለዚህ ከእንፋሎቱ በፊት ዕቃን መለየት የግድ ነው። ጫማና ቀበቶ ወደ ደረቅ ሙቀት ይላካል፤ ቅማል በ60 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ስለሚሞት፥ ቆዳውን ማቃጠል አያስፈልግም።

መለየቱ የሚጠቅመው ለዕቃው ብቻ አይደለም። አንዲት ጫማ ብቻ ያለችው ድኻ ጫማው ተኮማትራ ብትመለስለት፥ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቅሉን ይደብቃል። የተደበቀው ጥቅል ደግሞ ቅማሉን እንደ ያዘ ወደ ቤት ይመለሳል። የሕዝብን ንብረት የማይጠብቅ የጤና ሥራ ሕዝቡን ራሱን ተቃዋሚ ያደርገዋል።

በ1943 መጨረሻ በናፖሊ የተነሣው ታይፈስ በዲ.ዲ.ቲ. ዱቄት ተገታ። ሰው ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዱቄቱ ስለሚነፋበት፥ ብዙዎች የበርሜሉ ዘመን አለፈ አሉ። ነገር ግን በ1950ና 51 በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ቅማሉ መድኃኒቱን መቋቋሙ ታየ፤ ትኋኑም እንዲሁ ሆነ። በዚህ ምክንያት በ21ኛው መቶ ዓመት ሙቀት እንደ ገና ተፈላጊ ሆኗል። በብዙ አገሮች ትኋን የገባበት ክፍል በሙሉ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ለብዙ ሰዓት ይሞቃል።

ደንቡ የሰርቢያው በርሜል ደንብ ነው። ሻማ፥ መድኃኒት፥ የሙዚቃ ሸክላ፥ በሙጫ የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ፥ የሲጋራ መለኮሻና ጋዝ የታመቀበት ቆርቆሮ አስቀድመው ይወጣሉ። የሚወጣው ዕቃ አንድ በአንድ ይመረመራል፤ አለዚያ ትኋኑ አብሮ ወጥቶ አብሮ ይገባል። የሚቀረው ልብስ ላላ ተደርጎ ይዘረጋል፤ መሳቢያው ይከፈታል፤ ታጭቆ የተዘጋ ሣጥን መካከሉ ሳይሞቅ ይቀራልና።

በአገራችንም ቅማል የሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት ገና ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል። አዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታ ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለቅማልና ለትኋን ከበቂ በላይ ነው። የጥጥ ልብስንና አንሶላን ቀቅሉ። በጠፍር አልጋ ላይ ግን የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ጠፍሩ ይኮማተራል። በርኖሱንም ከነጠላው ጋር አትቀቅሉ። እሳቱን ከማንደዳችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዕቃችሁን ለዩ፤ ተባዩ ይሞታል፥ ንብረታችሁም ይተርፋል።