ጁዲት ማርቲን

ጁዲት ማርቲን «ሚስ ማነርስ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቁ አሜሪካዊት ጋዜጠኛና የጨዋነት ሥርዓት ጸሐፊ ናቸው። በ1938 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ ተወልደው በ1959 ከዌልስሊ ኮሌጅ ተመረቁ። በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ለ25 ዓመታት ያህል ሲሠሩ መጀመሪያ የዋይት ሐውስንና የኤምባሲዎችን ግብዣዎች ዘገቡ፤ ኋላም የቲያትርና የፊልም ሐያሲ ሆኑ። ደፋር ዘገባቸው ቤተ መንግሥቱን አስቆጥቶ ስለነበር፣ በ1971 የፕሬዚዳንት ኒክሰን ልጅ ስትዳር ሠርጉን እንዳይዘግቡ ተከልክለዋል።

ዋናው ሥራቸው በ1978 የጀመሩት የጋዜጣ ዓምድ ነው። አንባቢ ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋ ራሳቸውን በሦስተኛ መደብ እየጠሩ በስላቅ የተዋዛ ቁርጥ ያለ ፍርድ ይሰጣሉ። ጨዋነት ለእርሳቸው የሀብታሞች የማዕድ ወግ አይደለም፤ ሕግ በማይደርስበት ቦታ ሰዎች ሳይጎዳዱ አብረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። ትልቁ አስተዋጽኦአቸውም ይህ አመለካከት ነው። በዚሁ ዐይን የመገናኛ መሣሪያዎችንም መረመሩ። በ1997 ያሳተሙት የመግባቢያ ሥርዓት መጽሐፍ ማኅበራዊ ሚዲያ ከመስፋፋቱ በፊት ስለ ኢሜይል አጠቃቀም ደንብ አስቀምጧል። የሐዘን መግለጫ ግን ዛሬም በእጅ መጻፍ እንዳለበት ያሳስባሉ።

በ2005 የአሜሪካን ብሔራዊ የሂውማኒቲስ ሜዳልያ ተሸልመዋል። ከ2013 ጀምሮ ዓምዱን ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር በጋራ ይጽፋሉ።